ገበሬዎቻችን ፓዴሩን ይዩ

ለኢትዮጵያ ቡናና ሻይ ባለሥልጣን
ለአጋሮ ከተማ አስተዳደር

ጉዳዩ፦ በሕንድ አገር በአንድራ ፕራዴሽ ግዛት ከምትገኘው ከፓዴሩ ከተማና ከአካባቢዋ ቡና አምራቾች ጋር የገበሬ ለገበሬ ጉብኝትና የእህትማማች ከተማ ግንኙነት እንዲጀመር ስለ መጠየቅ

ክቡራን ሆይ፣

በሕንድ ምሥራቅ ጠረፍ በምትገኘው በቪሳካፓትናም ከተማ፣ በአንድራ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርቴን ከተከታተልኩ ዓመታት አልፈዋል። በዚያ ግቢ ያለፍን ኢትዮጵያውያን ብዙ በመሆናችን ስለ ቪዛግ (ቪሳካፓትናምን በአጭሩ የምንጠራበት ስም ነው) ሙቀት፣ ስለ ባሕሩ ዳርቻና በርበሬ ስለሚበዛበት የአንድራ ወጥ የሚያወጋ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አይጠፋም፤ ከባሕሩ ጀርባ ስላለው ተራራ የሚያወጋ ግን እምብዛም አልገጠመኝም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚያ ተራራ፣ በላዩ ስላለች አንዲት ትንሽ ከተማና በዙሪያዋ ስለሚኖረው ሕዝብ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልግለጽ።

ፓዴሩ ከቪዛግ መቶ ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ፣ አውቶቡሱ እየተጠማዘዘ ከሚወጣው የተራራ መንገድ ጫፍ፣ 900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አንድ ዋና መንገድ፣ የአውቶቡስ መናኸሪያ፣ ሆስፒታል፣ በግንቦት ወር ታላቅ በዓል የሚከበርላት የሞዳኮንዳማ ቤተ መቅደስና የመንግሥት ቢሮዎች ያሏት፣ በእግር ከዳር እስከ ዳር የምትታይ ከተማ ናት። ኤፕሪል 4 ቀን 2022 የግዛቱ መንግሥት አውራጃዎቹን እንደገና ሲያዋቅር አሉሪ ሲታራማ ራጁ የተባለው አዲስ አውራጃ ዋና ከተማ ሆነች። አውራጃው ሲመሠረት 950 ሺህ ያህል ሕዝብ የነበረው ሲሆን፣ ከአምስቱ አራቱ የሚበልጠው የሕንድ ሕገ መንግሥት «የተመዘገቡ ጎሳዎች» ብሎ ከሚጠራቸው ሕዝቦች ወገን ነው፤ ባጋታ፣ ኮንዳ ዶራ፣ ኮንድ፣ ቫልሚኪ፣ ኮቲያ፣ ፖርጃ፣ ጋዳባ። የከተማው፣ የቢሮውና የትምህርት ቤቱ ቋንቋ ቴሉጉ ነው። ወደ ኮረብታዎቹ ሲወጡ ግን እናቶች ልጆቻቸውን በኩቪ፣ በአዲቫሲ ኦዲያ ወይም ከእነዚህ ሁሉ የቋንቋ ቤተሰብ ውጪ በሆነው በጉቶብ ሲያባብሉ ይሰማሉ።

እኔን ወደዚያ የወሰደኝ ጥናት አልነበረም፤ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ለበዓል ወደ ወላጆቹ መንደር ሲሄድ ይዞኝ ሄደ። ወሩ ኅዳር ነበርና ከአውቶቡሱ መስኮት ውጪ ኮረብታው ሁሉ ቢጫ ለብሶ ሳይ መስከረም የመጣ መሰለኝ። ጓደኛዬ «ቫሊሳሉ» አለኝ። ወርጄ ቅጠሉንና አበባውን ስነካው ኑግ ነው፤ የሳይንስ ስሙ እንኳ የአቢሲኒያን ስም የያዘው፣ ዘይቱን የምንጠጣው፣ ፋጉሎውን ለከብት የምንሰጠው የራሳችን ኑግ። በዚያው ተራራ በሚገኘው በአራኩ ሸለቆ የከተማ ጎብኚዎች ጥቂት ሩፒ ከፍለው እርሻው መካከል ገብተው ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ እኛ አገር ለኑግ ማሳ መግቢያ የሚከፍል ሰው ቢኖር ገበሬው ጤናውን የሚጠራጠር ይመስለኛል። ቤት ስንደርስ በጎድጓዳ ሳህን የቀረበልን አጥሚት መሳይ አምባሊ ደግሞ ከራጊ የተሠራ ነበር፤ ራጊ ማለት ዳጉሳ ነው፣ እርሱም ከእኛው የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ከጥንት ተሻግሮ የሄደ እህል ነው። ከቤቱ ጀርባ፣ ግራቪሊያ ጥላ ሥር፣ ቡና ነበር።

የጓደኛዬ አያት «ባቡ» እያለች ትጠራኝ ነበር፣ «ልጄ» እንደ ማለት ነው። ቡናው ቀይ ሆኖ ደርሶ፣ ተለቅሞ ጓሮው ሙሉ እየደረቀ፣ በቤቱ የሚጠጣው ሻይ ነበር። ቡና የሚሸጥ ነገር እንጂ የሚጠጣ ነገር አልነበረም። ጀበና ስላልያዝኩ በብረት መጥበሻ ቆልቼ፣ በሙቀጫ ወቅጬ፣ በድስት አፈላሁላቸው። አያት አንድ ጊዜ ፉት ብላ ፊቷን አጨማደደችና ወተትና የሸንኮራ ስኳር አስመጣች፤ ከዚያ በኋላ ግን ጨርሳዋለች። ይህን የማነሣው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ቡናን በሦስት ዙር የሚጠጣ ገበሬና ቡናን ጨርሶ የማይጠጣ ገበሬ ስለ ጥራት ሲነጋገሩ አንዱ ለሌላው የሚነግረው ብዙ ነው።

የቡናው ዘር ነገር ባለሥልጣኑን በቀጥታ የሚመለከት ይመስለኛል። ሕንዶች ባባ ቡዳን የተባለ ሱፊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከየመን ሰባት ፍሬ ደብቆ አመጣ ብለው ይተርካሉ፤ ያ ትውፊት ነው። የምርምር መዝገባቸው የሚናገረው ግን ትውፊት አይደለም። የሕንድ ቡና ምርምር በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ ዝርያዎችን ተቀብሎ «ምርጫ 4» በሚለው ቁጥር ሥር መዝግቧቸዋል፤ ስማቸውም አጋሮ፣ ታፋሪኬላና በጣሊያንኛ አጻጻፍ የተጻፈው ቾቺ ነው። ታፋሪኬላ የሲዳማዋ ተፈሪ ኬላ፣ ቾቺም በጎማ ያለችው ጮጬ ለመሆኗ እኔ ጥርጥር የለኝም። (ቡና መጀመሪያ የተገኘው ከፋ ነው ወይስ ጮጬ በሚለው ክርክር ውስጥ ለመግባት ግን ድፍረቱ የለኝም።) «ምርጫ 9» የተባለው፣ በጣዕም ውድድር የተመሰገነው ዝርያቸው ደግሞ የታፋሪኬላና «የቲሞር ዲቃላ» የተባለው የቡና ዝርያ ልጅ ነው። አጋሮ ከተማ ስሟ በሌላ አገር የዘር መዝገብ ላይ ለሰባ ዓመት ያህል ሲጻፍ ኖሮ አንድ ሰላምታ አለመላኳ፣ ባለማወቅ ካልሆነ በቀር፣ ምክንያት ያለው አይመስለኝም።

ነገር ግን ዝምድናው ብቻ ቢሆን ኖሮ የባለሥልጣኑን ጊዜ አልወስድም ነበር። ገበሬዎቻችን ፓዴሩን እንዲያዩ የምፈልግበት ዋናው ምክንያት የመሬቱ ሕግ ነው።

አካባቢውን ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ኤጀንሲ» እያለ ይጠራዋል። ይህ ስም የመጣው እንግሊዞች በ1839 ባወጡት አዋጅ ተራራውን ከተራው አስተዳደር ነጥለው በአገረ ገዢው ወኪል፣ በ«ኤጀንት» ሥር ስላደረጉት ነው። በ1882 የወጣው የማድራስ የደን ሕግ ደግሞ ሕዝቡ «ፖዱ» የሚለውን፣ ቁጥቋጦ መንጥሮና አቃጥሎ ጥቂት ዓመት አርሶ ወደ ሌላ ቦታ የመዛወር እርሻ ከለከለ። በዚያ ላይ ባስቲያን የተባለ የጉዴም ሹም ሰዎቹን በረባ ባልረባ ክፍያ ከናርሲፓትናም ወደ ላምባሲንጊ የሚወጣውን መንገድ ያሠራቸው ነበር። በኦገስት 1922 አውራጃው ዛሬ በስሙ የሚጠራው የአመፁ መሪ አሉሪ ሲታራማ ራጁ ተከታዮቹን ይዞ በሦስት ተከታታይ ቀናት ሦስት ፖሊስ ጣቢያዎችን፣ ቺንታፓሊን፣ ክሪሽናዴቪፔታንና ራጃቮማንጊን ወርሮ መሣሪያ ወሰደ፤ ከሁለት ዓመት ያህል የሽምቅ ውጊያ በኋላ በሜይ 1924 ተይዞ ተገደለ። ራጁ ራሱ ከቆላው የመጣ እንጂ የተራራው ተወላጅ አልነበረም፤ ከጎኑ የተዋጉት የጋም ወንድማማቾች፣ ጋንታም ዶራና ማሉ ዶራ ግን ነበሩ፤ አውራጃው በእርሱ ስም ሲሰየም የእነርሱን ስም የሚያነሣ ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል። በግፍ የተሠራው የላምባሲንጊ መንገድ ዛሬ የክረምቱን ብርድና ጭጋግ ለማየት የሚወጡ ጎብኚዎች መንገድ ነው።

ከነጻነት በኋላ ሕንድ ይህን አካባቢ የጎሳዎችን አካባቢዎች በልዩ ሁኔታ በሚያስተዳድረው በሕገ መንግሥቷ አምስተኛ ሠንጠረዥ ሥር አደረገችው። በዚያ ሥልጣን መሠረት በ1959 የወጣውና በ1970 የተጠናከረው፣ ሰው ሁሉ «አንድ በሰባ» (የ1970 ደንብ ቁጥር 1 ማለት ነው) የሚለው የመሬት ማስተላለፍ ደንብ፣ በተከለለው አካባቢ ያለ መሬት የጎሳ አባል ላልሆነ ሰው እንዳይተላለፍ ይከለክላል። ሻጩ የጎሳ አባል ባይሆን እንኳ የሚሸጠው ለጎሳ አባል ወይም የጎሳ አባላት ብቻ ላሉበት ማኅበር ነው። የጎሳ አባል ያልሆነ ሰው መሬት ይዞ ከተገኘም በሕጋዊ መንገድ ያገኘው መሆኑን የማስረዳት ሸክሙ የእርሱ ነው።

እስከዚህ ድረስ እኛም መሬት አይሸጥም አይለወጥም የሚል ሕገ መንግሥት አለንና ነገሩ አዲስ አይመስልም። ልዩነቱ የመጣው በ1997 ነው። ከፓዴሩ ብዙ በማይርቀው በአናንታጊሪ አካባቢ መንግሥት መሬት ለግል የማዕድን ኩባንያዎች አከራይቶ ስለ ነበር «ሳማታ» የተባለ ድርጅት ከሰሰ፤ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በሦስት ዳኞች፣ ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ፣ ደንቡ የሚያስረው ግለሰብን ብቻ ሳይሆን መንግሥትንም ነው ሲል ፈረደ። መንግሥት በዚያ አካባቢ የራሱን መሬት እንኳ ለግል ኩባንያ ማከራየት አይችልም። በራሱ ድርጅት ቢያስቆፍር ደግሞ ከተጣራ ትርፉ ቢያንስ ሃያ በመቶውን ለአካባቢው ልማት እንዲያውል ፍርዱ ያዝዛል። የእኛ ገበሬ ጎረቤቱ እንዳይገዛው ሕግ ይጠብቀዋል፤ ባለሀብት በመንግሥት በኩል ሲመጣበት ግን የሚከራከረው በአብዛኛው በካሣው መጠን ላይ ነው። የፓዴሩ ገበሬ በዚህ በኩል አንድ በር ተጨማሪ ተዘግቶለታል፤ ከቡናው ኮረብታ በታች ብዙ ባውክሳይት ተኝቶ ሳለ፣ በ2015 የወጣውን የቁፋሮ ትእዛዝ ሕዝቡ ተቃውሞት በ2019 መሠረዙን ስናስብ በሩ ከንቱ አለመሆኑ ይታያል።

ሕጉ ዋጋ አላስከፈለም አልልም። መሬቱን አስይዞ ከባንክ መበደር የሚችል ገበሬ ጥቂት ነው። በከተማው ውስጥም ከቆላ የመጣ ነጋዴ በጎሳ አባል ስም ሱቅና ቤት እንደሚይዝ ሻይ ቤት ውስጥ በግልጽ ይወራል። ልዑካችን ሲሄድ የሚሰማው ምስጋናውን ብቻ እንዳይሆን ይህንም ይጠይቅ።

ቡናው በዚህ መሬት ላይ የገባው ፖዱን ለማስቀረት ነው። እንግሊዞች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በምሥራቅ ጋትስ ተራሮች ሞክረውት ነበር፤ ለአዲቫሲ (ለነባሮቹ የጎሳ ሕዝቦች) ቤተሰቦች በስፋት የታደለው ግን ከ1970ዎቹ ወዲህ በሕንድ ቡና ቦርድና መቀመጫውን ፓዴሩ ባደረገው የተቀናጀ የጎሳዎች ልማት ድርጅት ነው። ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ እስከ ሁለት ኤከር፣ ለጥላ ግራቪሊያ፣ በግራቪሊያው ግንድ ላይ ደግሞ የሚወጣ የቁንዶ በርበሬ ሐረግ ሰጡት። ይህ ሦስተኛው ነገር በጣም አስደስቶኛል፤ ቡናው ባልያዘበት ዓመት ቁንዶ በርበሬው የቤቱን ወጪ ይሸፍናል፣ ቦታ ግን አይሻማም። በቴፒና በበበቃ ቁንዶ በርበሬ እንደሚበቅል አውቃለሁ፤ በጅማ አካባቢ በገበሬው ጓሮ፣ በጥላው ዛፍ ላይ የወጣ ግን አላየሁም። ዛሬ በአንድራ ፕራዴሽ ቡና የተተከለበት መሬት ወደ 100 ሺህ ሄክታር ይጠጋል፣ አብዛኛውም በዚሁ ተራራ ላይ ነው። ምርቱ በሄክታር ሲሰላ ዝቅተኛ ነው፤ ማዳበሪያና መግረዝ ላይ የእኛ ሰዎች የሚያስተምሩት እንጂ የሚማሩት አይኖራቸውም።

የሚማሩት ገበያው ላይ ነው። በ1956 የተቋቋመው የመንግሥት የጊሪጃን ኅብረት ሥራ ኮርፖሬሽን ማር፣ ሙጫ፣ ሁመር (ታማሪንድ)ና የጫካ ፍሬ ከሕዝቡ ሲገዛ የኖረ ድርጅት ሲሆን፣ አሁን ቡናም ይገዛል፤ ወቅቱ ሳይገባ የመግዣ ዋጋውን ያሳውቃል፣ በሳምንታዊው ገበያ ሚዛኑን ያቆማል። ነጋዴው ከዚያ በታች ሊገዛ ሲመጣ ገበሬው ቢያንስ ቁጥሩን ያውቀዋል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ናንዲ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት ደግሞ ገበሬዎቹን በማኅበር አደራጅቶ የደረሰ እሸት ብቻ እየተቀበለ በአንድ ቦታ ማዘጋጀት ጀመረ፤ በ2017 በፓሪስ «አራኩ» የሚል ስም ያለው ቡና ቤት ተከፈተ፣ በ2019ም «የአራኩ ሸለቆ አረቢካ» በጂኦግራፊያዊ አመልካችነት ተመዘገበ። እኛ ይርጋጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን በንግድ ምልክት ለማስጠበቅ ከታላቅ የአሜሪካ ኩባንያ ጋር የተሟገትን ሰዎች በመሆናችን፣ ሁለቱ መንገዶች ለገበሬው ኪስ ምን እንዳመጡ ጎን ለጎን ማየት የባለሥልጣኑ ባለሙያዎች ሥራ ነው። ስሙ ፓሪስ ሲደርስ የጓደኛዬ አያት መንደር ምን ያህሉ እንደ ደረሰው ልዑኩ ራሱ ይጠይቅ፤ ከነጋዴ ቅድሚያ ብድር ወስዶ እሸቱን ሳይቀላ የሚያስረክብ ቤተሰብ እዚያም አለ።

ስለ ብድር ካነሣሁ ስለ ጋንጃ ዝም ብል ሐቀኛ አልሆንም። የፓዴሩ አካባቢ በሕንድ ጋዜጦች ስሙ ከቡናው ይልቅ በካናቢስ የሚነሣበት ጊዜ አለ። ነጋዴው ዘሩንና ቅድሚያ ገንዘቡን ይዞ መንደር ድረስ ይመጣል፣ ምርቱን ከማሳው ያነሣል፣ ገበሬው በወራት ውስጥ ገንዘብ ያያል፤ ቡና ግን እስኪያፈራ አራት ዓመት ይፈልጋል። በ2021 መጨረሻ ፖሊስ ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋር ሆኖ በሺዎች የሚቆጠር ኤከር ጋንጃ ነቅሎ አቃጥሏል። ጫት ሕጋዊ በመሆኑ ነገሩ አንድ አይደለም፤ ሆኖም በሐረርጌና በሌሎች አካባቢዎች ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ ያደረገው ሒሳብ ያው ነው። ጋንጃው ከተነቀለ በኋላ ቡናው እስኪያፈራ ባሉት አራት ዓመታት ቤተሰቡ ምን በላ? የእኛ ገበሬ የፓዴሩን ገበሬ ፊት ለፊት እንዲጠይቀው የምመኘው አንድ ጥያቄ ቢኖር ይህ ነው፤ ሪፖርት ላይ አይገኝም።

ስለ መንገድና ስለ ትምህርት በአጭሩ። አሁንም መኪና የማይገባባቸው መንደሮች ስላሉ ነፍሰ ጡር ሴትና በሽተኛ «ዶሊ» በሚሉት፣ በእንጨት ላይ በተንጠለጠለ ጨርቅ ተሸክመው ይወርዳሉ፤ በቃሬዛ የወጣ ሰው ላለን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። በከተማዋ በ2024 የሕክምና ኮሌጅ ተማሪዎችን መቀበል መጀመሩ መልካም ዜና ነው። በተከለለው አካባቢ የመምህርነት ሥራ ሁሉ ለአካባቢው የጎሳ አባላት እንዲሆን በ2000 የወጣውን ትእዛዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2020 መቶ በመቶ መከለል አይቻልም ብሎ ሽሮታል። በዚያ ፍርድ ያዘኑ መምህራን አጋጥመውኛል፤ ኩቪ የማያውቅ መምህር ከቆላ ተመድቦ ሲመጣ የአንደኛ ክፍል ልጅ ምን እንደሚሰማው ከእኔ ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ።

አንድ አስቸኳይ ጉዳይ ደግሞ አለ። የቡና ፍሬ ሰርሳሪ ተባይ ወደ ሕንድ የገባው በ1990 በደቡብ ተራሮች ሲሆን የምሥራቁ ተራራ ነጻ ሆኖ ኖሮ ነበር፤ በ2025 ግን አራኩ አካባቢ ታየ። ይህ ተባይ ከአፍሪካ የወጣ ነው፣ ጠላቶቹም እዚሁ አፍሪካ አሉ። የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ከልዑኩ ጋር ሁለት ሰው ቢጨምሩ እንግዶች ብቻ ሆነን አንሄድም።

ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። የመጀመሪያው ልዑክ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ሰው ይሁን፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከጎማ፣ ከተፈሪ ኬላና ከሐረርጌ የመጡ፣ በእጃቸው ቡና የሚለቅሙ ገበሬዎች፣ ከእነርሱም ቢያንስ ግማሾቹ ሴቶች ይሁኑ። ጊዜው ከኅዳር እስከ ጥር፣ ለቀማው ሳያልቅ ይሁን፤ ኑጉንም በአበባው ያዩታል። ማረፊያቸው ቪዛግ ባለ ሆቴል ሳይሆን ፓዴሩና መንደሮቹ ውስጥ ይሁን፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቀመጡ፣ ሳምንታዊ ገበያው ላይ ሁለት ጊዜ ይዋሉ። ለቋንቋው ከአማርኛና ከአፋን ኦሮሞ ወደ ቴሉጉ የሚያስተረጉሙ የአንድራ ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ተማሪዎች አለን፤ እኔም ያለ ክፍያ ለማገልገል ፈቃደኛ ነኝ። በቀጣዩ ዓመት የፓዴሩ ገበሬዎች በተራቸው አጋሮና ጮጬ እንዲመጡ የከተማው አስተዳደር ለአውራጃው አስተዳዳሪ የግብዣ ደብዳቤ ይጻፍ፤ ደብዳቤው በኒው ዴልሂ ባለው ኤምባሲያችን በኩል ቢሄድ መልካም ነው። ከግብዣው ጋር ሦስት ጀበና ይላክ፤ አድራሻውን እኔ እነግራችኋለሁ፣ አንዱ ለጓደኛዬ አያት ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የአንድራ ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ተማሪ

ግልባጭ፦
ለጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል
በኒው ዴልሂ ለኢትዮጵያ ኤምባሲ